ያገለገለ የሜርሻውም ፒፓ ትክክለኛነት እንዴት ይመዘን? ከአንድ ፍርድ ወደ አምስት ጥያቄዎች

መግቢያ

ከነጭ ድንጋይ ተቀርጾ፣ በሰምና በጭስ ብዛት ወደ ማር ከዚያም ወደ ቡና ቀለም የተለወጠ የትምባሆ ፒፓ በአውሮፓ ጨረታ ቤቶች፣ በአሮጌ ዕቃ ገበያዎችና በቤተ መዘክር መጋዘኖች ዘወትር የሚገኝ ዕቃ ነው። በኢትዮጵያ እንደሚታወቀው ጋያ ጭሱን በውሃ ውስጥ አያሳልፍም፤ ትምባሆው የሚጨመርበት ራስ፣ ጭሱ የሚሳብበት ዘንግና በጥርስ የሚያዝ አፍ ያለው ደረቅ ማጨሻ ነው። ድንጋዩን ጀርመኖች «ሜርሻውም» ማለትም «የባሕር አረፋ»፣ ቱርኮች ደግሞ «ሉሌታሺ» ማለትም «የፒፓ ድንጋይ» ይሉታል። እንዲህ ያለው ዕቃ ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ በተላለፈ ቁጥር የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው፦ «እውነተኛ ነው ወይስ ሐሰተኛ?»

ይህ ጽሑፍ ጥያቄው በዚህ መልክ መቅረቡ ራሱ የስሕተት ምንጭ እንደሆነ ይሟገታል። ያገለገለ ፒፓ በአንድ ቃል ሊፈረድበት የሚችል ነጠላ ነገር አይደለም፤ ድንጋይ፣ ብር፣ አምበር፣ አጥንት፣ ሰምና ጥላሸት በተለያየ ጊዜ ተገናኝተው የፈጠሩት ጥንቅር ነው። ስለሆነም አንዱ ጥያቄ በአምስት ሊከፈል ይገባል፦ ከምን ተሠራ? እንዴት ተሠራ? መቼ ተሠራ? ክፍሎቹ ከመጀመሪያው አብረው የነበሩ ናቸው? ስለ አመጣጡ የሚነገረውስ በምን ይደገፋል? ጉዳዩ የቃላት ክርክር ብቻ አይደለም። በአንድ ቃል ለመፍረድ ሲባል ከሚደረጉት ፈተናዎች አንዳንዶቹ ማስረጃውን እስከ ወዲያኛው ያጠፋሉ፤ አንድ ጊዜ በመዝገብ የሰፈረ የተቻኮለ ፍርድም ከመዝገብ ወደ መዝገብ እየተገለበጠ ይኖራል።

ከምን ተሠራ?

ሜርሻውም በማዕድን ጥናት ሴፒዮላይት ተብሎ የሚታወቅ፣ ውሃ ያዘለ የማግኒዥየም ሲሊኬት ነው። በሞስ የጥንካሬ መለኪያ 2 ወይም 2.5 አካባቢ ስለሚገኝ ጥፍር እንኳ ሊጭረው ይችላል። ጥቃቅን ቃጫዎቹ እርስ በርስ ተጠላልፈው በመካከላቸው ብዙ ባዶ ስፍራ ስለሚተዉ፣ ደረቁ ድንጋይ በውሃ ላይ እስከ መንሳፈፍ የሚደርስ ቅለት አለው፤ ምላስ ሲነካውም እርጥበቱን ስቦ ይጣበቃል። ለፒፓ ሥራ እጅግ ተፈላጊ የሆነው ድንጋይ በቱርክ፣ በኤስኪሼሂር አካባቢ፣ ከመሬት ሥር በቁርጥራጭ ድቡልቡል መልክ እየተቆፈረ ይወጣል።

ገበያው ከእነዚህ ባሕርያት ተነሥቶ ሦስት ፈተናዎች አበጅቷል፦ ምላስ ማስነካት፣ ውሃ ላይ ማንሳፈፍና ከታችኛው ክፍል ጥቂት መጫር። ሦስቱም መነሻቸው እውነት ነው፤ የሚስቱት ግን ለጥሬው ድንጋይ የሚሠራውን ደንብ ላለቀለት ዕቃ በማዋላቸው ነው። ፒፓው ተቀርጾ ሲያበቃ በቀለጠ ሰም ይነከራል፤ ሰሙም የገጹን ቀዳዳዎች ይደፍናል። በሰም የተደፈነ ገጽ ምላስ ላይ አለመጣበቁ የሚጠበቅ ነው፤ ስለዚህ በዚህ ፈተና «የወደቀው» ፒፓ ንጹሕ ሜርሻውም ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው ሸክላና ጀሶ ምላስ ላይ ይጣበቃሉ፤ ፈተናውን «ያለፈው»ም ሜርሻውም ላይሆን ይችላል ማለት ነው። ውሃ ላይ ማንሳፈፍ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ሜርሻውም ሲርስ ይለሰልሳል፤ ቀራጮች ድንጋዩን በውሃ ዘፍዝፈው የሚቀርጹትም ለዚህ ነው። ለቀራጩ መልካም የሆነው ይህ ባሕርይ መቶ ዓመት ላስቆጠረ፣ ስንጥቅ ላለበት ዕቃ አደጋ ነው። መጫርም ቢሆን ድንጋዩ ለስላሳ መሆኑን ይናገር እንጂ ድንጋዩን በስም አይለይም፤ የተወው ጭረት ግን አይጠፋም።

እንዴት ተሠራ?

ከሁሉ ይልቅ አሳሳች የሆነው ሁለተኛው ጥያቄ ነው። ቀራጩ ከአንድ ድቡልቡል ድንጋይ ፒፓ ሲያወጣ አብዛኛው ክፍል ፍርፋሪና ብናኝ ሆኖ ይቀራል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ይህ ትራፊ አልተጣለም፤ ተፈጭቶ፣ ተነፍቶና ከማያያዣ ጋር ተቀላቅሎ በቅርጽ ማውጫ እየተጨመቀ እንደገና ፒፓ ይሆን ነበር። በጀርመን ቱሪንጊያ የምትገኘው የሩላ ከተማ በዚህ ሥራ ስሟ የታወቀ ነበር። የተጨመቀው ድንጋይ በማዕድንነቱ ያው ሴፒዮላይት ነው። ስለዚህ «ከምን ተሠራ?» የሚለው ጥያቄ ትክክለኛ መልስ ቢያገኝም፣ ገዢው በእርግጥ ሊያውቅ የፈለገው ጉዳይ ሳይነካ ይቀራል።

ልዩነቱን ለማየት ዐሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽርና ከጎን የሚበራ መብራት ብዙ ይረዳሉ። ከአንድ ቁራጭ በተቀረጸ ራስ ላይ የስለት ዱካ፣ ከሥሩ የተቦረቦረ ጥልቅ እጥፋትና በግራና በቀኝ በፍጹም የማይመሳሰል ጢም ወይም ፀጉር ይገኛል። ከቅርጽ ማውጫ በወጣ ራስ ላይ ግን እጥፋቶቹ ጥልቀት የላቸውም፤ የቅርጹ ሁለት ግማሾች የተገናኙበት ቀጭን መስመር ሊታይ ይችላል፤ የተሰበረ ቦታ ካለም ጥራጥሬ መሳይ ይዘቱ ይገለጣል። ይሁን እንጂ የተጨመቀ ድንጋይ ከወጣ በኋላ በእጅ ሊቀረጽ ስለሚችል፣ የስለት ዱካ ብቻውን ለፍርድ አይበቃም። ምልክቶቹ ዋጋ የሚያገኙት ሲደጋገፉ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሊጤን ይገባል። በሩላ ዘመን የተጨመቀው ፒፓ በጓሮ የሚሠራ ማጭበርበሪያ አልነበረም። የዘመኑ ነጋዴዎችና የንግድ መዛግብት «እውነተኛ» እና «እውነተኛ ያልሆነ» ሜርሻውም እያሉ ለየብቻ ይቆጥሩት ነበር፤ የሚገዛውም የተቀረጸውን ለመግዛት አቅም ያልነበረው ሰው ነበር። እንግዲህ ዕቃው በተሠራበት ጊዜ ሐሰት አልተናገረም፤ ሐሰቱ የመጣው ከመቶ ዓመት በኋላ አንድ ሻጭ «ከአንድ ድንጋይ የተቀረጸ» ብሎ ባቀረበው ጊዜ ነው። ሐሰተኛ የሚሆነው ድንጋዩ ሳይሆን ስለ ድንጋዩ የሚነገረው ቃል ነው። ይህ ልዩነት ካልተጠበቀ፣ የአንድ ዘመን ሠራተኛ እጅ ታሪክ ያለበት ዕቃ «ሐሰተኛ» ተብሎ ከስብስብ ይወጣል፤ አጥኚውም የፒፓን ታሪክ የሚጽፈው በሀብታሞቹ ፒፓ ብቻ ይሆናል።

መቼ ተሠራ?

ብዙ ገዢዎች ዕድሜን በቀለም ይለካሉ። ነጩ ድንጋይ በማጨስ ብዛት ወደ ቢጫ፣ ወደ ብርቱካን፣ በመጨረሻም ወደ ጥቁር ቡናማ መለወጡ እውነት ነው፤ ሙቀቱ ሰሙን ያቀልጠዋል፣ ከትምባሆው የሚወጣው ዘይትና ዝፍትም በድንጋዩ ውስጥ ይሰርጋል። ነገር ግን ቀለም የአጠቃቀም ምስክር እንጂ የዕድሜ ምስክር አይደለም። በየቀኑ የሚጨስበት ፒፓ በጥቂት ዓመታት ይጠቁራል፤ በማኅደሩ ውስጥ የተቀመጠው ግን መቶ ዓመት ነጭ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ከዚህም በላይ ቀለም በሚሠራበት ቦታ ሊቀባ ይችላል። በመሆኑም መታየት ያለበት የቀለሙ ጥልቀት ሳይሆን ከሌሎቹ የአጠቃቀም ምልክቶች ጋር ያለው ስምምነት ነው፦ በራሱ ውስጥ የተጋገረ ጥላሸት፣ በከንፈሩ ዙሪያ የእሳት ጠባሳ፣ በአፉ ላይ የጥርስ ዱካ። ውጭው ቡናማ ሆኖ ውስጡ እሳት ያላየ ከሆነ ማብራሪያ ይሻል፤ ማብራሪያው ግን ማጭበርበር ብቻ ላይሆን ይችላል፤ አንድ ጠንቃቃ ባለቤት ውስጡን ጠርጎት ይሆናል።

የቅርጹ ዓይነትም እንዲሁ በዕድሜ ላይ የማያሻማ ምስክርነት አይሰጥም። ጥምጥም የጠመጠመ ሱልጣን፣ እንቁላል የጨበጠ የንስር ጥፍርና የመሳሰሉት ንድፎች በ19ኛው ክፍለ ዘመን የቪየና ሠራተኞች ዘንድ እንደተወደዱ ሁሉ፣ በኤስኪሼሂር ዛሬም ይቀረጻሉ። ከቅርጹ ይልቅ ዘንጉና ራሱ የሚያያዙበት መንገድ የተሻለ ይናገራል። በቀድሞዎቹ ፒፓዎች መገናኛው አብዛኛውን ጊዜ ከአጥንት የተሠራ ብሎን ነበር፤ በዘመናዊዎቹ ግን ተገፍቶ የሚገባ ናይለን ወይም ሌላ ፕላስቲክ ነው። ናይለን ለሕዝብ የተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1938 ስለሆነ፣ «የ1880 ፒፓ» የተባለ ዕቃ በናይለን ከተገጠመ ወይ ዘመኑ ሌላ ነው፣ ወይም መገናኛው ተጠግኗል። ከሁለቱ የቱ እንደሆነ የሚያሳየው አራተኛው ጥያቄ ነው።

ክፍሎቹ አብረው የነበሩ ናቸው?

የአንድ አሮጌ ፒፓ ክፍሎች እኩል አይኖሩም። አፉ ይሰበራል፣ ቀለበቱ ይላላል፣ ማኅደሩ ይጠፋል። ጠጋኙ ሌላ ያመጣል፤ ነጋዴውም አንዳንድ ጊዜ የሁለት ስብር ፒፓ ጤነኛ ክፍሎችን አገናኝቶ አንድ ያደርጋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ክፍል በራሱ ዘመን ሊፈተሽ ይገባል።

ከክፍሎቹ ሁሉ ግልጽ ምስክርነት የሚሰጠው የብር ቀለበት ነው። በእንግሊዝ ብር ላይ የሚራመድ አንበሳ የጥራቱን፣ መልሕቅ የበርሚንግሃምን፣ አንድ ፊደል ደግሞ የተመረመረበትን ዓመት ያመለክታል። በኦስትሪያና ሃንጋሪ ንጉሣዊ ግዛት ከ1860ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የዲያና ራስ ያለበት ማኅተም በሥራ ላይ ውሎ ነበር፤ ከጎኑ ያለው 3 ቁጥር ከ1000 ክፍል 800ው ንጹሕ ብር መሆኑን፣ ኤ ፊደል ደግሞ ቪየናን ይገልጻል። ነገር ግን ማኅተሙ የሚመሰክረው ስለ ብሩ ነው። በበርሚንግሃም ቀለበት የታሰረ ራስ በቪየና የተቀረጸ ሊሆን ይችላል፤ ቀለበቱ ከሌላ ፒፓ የመጣ ከሆነም ዓመቱ ስለ ድንጋዩ ምንም አይናገርም። ቀለበቱ ከዘንጉ ጋር በትክክል መግጠሙ፣ ከሥሩ ያለው ድንጋይ ቀለም ከዙሪያው መለየቱና ሌላ ቀለበት የተወው ዱካ አለመኖሩ ከማኅተሙ እኩል ሊነበቡ ይገባል።

አፉን በተመለከተ «አምበር» የሚለው ቃል በጥንቃቄ ሊያዝ ይገባል። ከተፈጥሮ አምበር ሌላ ፍርፋሪው ተጨምቆ የተሠራ አምበር፣ ከ1870ዎቹ ወዲህ ሴሉሎይድ፣ ከ1897 በኋላ ከወተት ፕሮቲን የተሠራ ፕላስቲክ፣ ከ1907 በኋላ ደግሞ ባክላይት ለዚሁ ሥራ ሊውሉ ይችሉ ነበር። ገበያው እነዚህን ለመለየት የጋለ መርፌ ያስጠጋል፤ ሽታው የሙጫ ከሆነ አምበር ነው ይላል። ይህ ልማድ መቅረት አለበት። መርፌው የማይሽር ጠባሳ ይተዋል፤ አፉ ሴሉሎይድ ከሆነ ደግሞ ሊቀጣጠል ይችላል። በጨው በተሞላ ውሃ ላይ ማንሳፈፍ አምበርን ከባክላይት ቢለይም፣ ብር ወይም አጥንት ለተያያዘበት አፍ አይሆንም። በላቦራቶሪ ግን የኢንፍራሬድ ስፔክትሮስኮፒ የባልቲክን አምበር በራሱ ልዩ መልክ ይለያል፤ ይህንን ዘዴ በ1960ዎቹ ያዳበረው ኬሚስት ከርት ቤክ ነበር።

የሚነገረው ታሪክ በምን ይደገፋል?

ስለ ሜርሻውም አንድ ሥር የሰደደ ትረካ አለ። እ.ኤ.አ. በ1723 አንድ የሃንጋሪ መስፍን ከቱርክ ነጭ ድንጋይ ይዞ መጣ፤ በፔሽት ከተማ የነበረ ጫማ ሰፊም የመጀመሪያውን ፒፓ ቀረጸለት፤ በእጁ ላይ የነበረው የጫማ ሰፊ ሰም ፒፓውን ሲነካው የማር ቀለም አወጣ ይባላል። ትረካው መልካም ነው፤ ሰሙንም፣ ቀለሙንም፣ መነሻውንም በአንድ ጊዜ ያብራራል። የፒፓን ታሪክ የሚያጠኑ ጸሐፊዎች ግን እንደ አፈ ታሪክ ይቆጥሩታል። ይህ ዕጣ በትናንሽ ዕቃዎች ላይም ይደርሳል። «የአያቴ ነበር»፣ «ከአንድ መስፍን ቤት የወጣ ነው» የሚሉ ቃላት ዕቃውን ያደምቁታል፤ ማስረጃ የሚሆኑት ግን ደረሰኝ፣ ፎቶግራፍ፣ የኑዛዜ ዝርዝር ወይም የተጻፈ ቀን ሲያጅባቸው ነው። ቃሉ ይመዝገብ፤ «የቃል ምስክርነት» ተብሎ ግን ይመዝገብ።

የድንጋዩ ትውልድ ስፍራም በልማድ ብቻ ለቱርክ ሊሰጥ አይገባም። በኬንያና በታንዛኒያ ድንበር ላይ በሚገኘው የአምቦሴሊ ተፋሰስ የሚወጣው ሴፒዮላይት በ20ኛው ክፍለ ዘመን ለፒፓ ውሏል፤ የታንጋኒካ ሜርሻውም ኮርፖሬሽንም ሥራውን ያካሄደው ከአሩሻ ነበር። የምሥራቅ አፍሪካው ድንጋይ ብዙውን ጊዜ ከኤስኪሼሂሩ ይልቅ ግራጫ ያደላል፤ ብዙዎቹ ፒፓዎችም ገና ሲሠሩ ቢጫ፣ ቡናማ ወይም ጥቁር ቀለም ተቀብተዋል። ሰብሳቢዎች በዚህ ምክንያት ዝቅ አድርገው ይመለከቷቸዋል፤ አንዳንዴም «እውነተኛ አይደለም» ይሏቸዋል። ማዕድኑ ግን ያው ነው። እዚህ ላይ «እውነተኛ» የሚለው ቃል የማዕድን ሳይሆን የክብር ደረጃ መለያ ሆኗል፤ ስለ አፍሪካው ድንጋይ ለሚያጠና ሰው ይህን መለየት ቀላል ጉዳይ አይደለም።

የላቦራቶሪ ወሰን

አንድ ተመራማሪ «ታዲያ ሁሉም ወደ ላቦራቶሪ ይሂድ» ሊል ይችላል። መሣሪያዎቹ ብርቱ ናቸው፤ የሚመልሱት ግን የተጠየቁትን ብቻ ነው። የኤክስሬይ ዲፍራክሽን ሴፒዮላይትን 12 አንግስትሮም አካባቢ ባለው ልዩ ምልክቱ ያሳያል፤ የተቀረጸውን ከተጨመቀው ለመለየት ግን አይበቃም። ተንቀሳቃሹ የኤክስሬይ ፍሎረሰንስ መሣሪያ ለብሩ ጠቃሚ ቢሆንም፣ ማግኒዥየም ቀላል ንጥረ ነገር ስለሆነ የድንጋዩን ዋና አካል በቅጡ ለማየት ይቸገራል። ሰሙን በራዲዮካርቦን መመርመርም ስለ ሰሙ እንጂ ስለ ድንጋዩ አይናገርም፤ ሰም በየጊዜው ይታደሳል፤ ከ1650 እስከ 1950 ባለው ዘመን ደግሞ የራዲዮካርቦን መለኪያው 1860ን ከ1920 በአስተማማኝ ሁኔታ አይለይም። ለሁለተኛው ጥያቄ የሚበጁት የቃጫዎቹን አደረጃጀት የሚያሳየው የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕና ዕቃውን ሳይነካ ውስጡን የሚያሳየው የኮምፒዩተር ቶሞግራፊ ናቸው። ጥያቄው አስቀድሞ ካልተለየ ውድ ምርመራ ለተሳሳተ ጥያቄ ትክክለኛ መልስ ሰጥቶ ይመለሳል።

ሊነሣ የሚችል ተቃውሞ

ከዚህ አቋም በተቃራኒ የሚቀርብ ጠንካራ መከራከሪያ አለ። ገዢ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት፣ ጨረታ ቤት ዋጋ ከመጥራቱ በፊት፣ ዳኛም ከመፍረዱ በፊት «አዎን» ወይም «አይደለም» የሚል ቃል ይፈልጋሉ፤ «ሳይሆን አይቀርም» በሚል መልስ ንግድ አይካሄድም። መከራከሪያው ክብደት አለው። ሆኖም ለአምስቱ ጥያቄዎች የሚሰጠው መልስ ከአንዱ ቃል ይልቅ ለገዢም ለዳኛም የሚጠቅም ነው። «እውነተኛ» ተብሎ የተሸጠ ፒፓ አፉ ባክላይት ሆኖ ቢገኝ፣ ሻጩ «ድንጋዩን ማለቴ ነው» ብሎ ያመልጣል። «ራሱ ከአንድ ድንጋይ የተቀረጸ፣ አፉ አምበር» ብሎ የጻፈ ሻጭ ግን በእያንዳንዱ ቃል ይጠየቃል። መከፋፈሉ ፍርድን አያደክምም፤ ኃላፊነትን ያጠብቃል እንጂ። ወጪውም ቢሆን የሚፈራውን ያህል አይደለም፤ የማጉያ መነጽር፣ የጎን መብራት፣ የአልትራቫዮሌት መብራትና ትዕግሥት የጥያቄዎቹን ትልቅ ክፍል ይመልሳሉ።

መደምደሚያ

ያገለገለ የሜርሻውም ፒፓ በቤተ መዘክር መዝገብ ሲሰፍር «እውነተኛ ሜርሻውም፣ 19ኛው ክፍለ ዘመን» የሚለው አጭር ቃል ሊበቃ አይገባም። በምትኩ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሊቀመጥ ይችላል፦ «ራስ፦ ሴፒዮላይት፤ ከአንድ ቁራጭ የተቀረጸ ሳይሆን አይቀርም። ቀለበት፦ ብር 800፣ የቪየና ማኅተም፤ ከዘንጉ ጋር ይገጥማል። አፍ፦ ባክላይት፣ ከ1907 በኋላ፤ ምትክ ሊሆን ይችላል። የአጠቃቀም ምልክት፦ የተጋገረ ጥላሸትና የጥርስ ዱካ፤ አልተጠረገም። የባለቤትነት ታሪክ፦ የቃል ብቻ።» ጽሑፉ ረዥም ቢሆንም ከእያንዳንዱ ሐረግ በኋላ ሌላ አጥኚ ገብቶ ሊያርም፣ ሊጨምር ወይም ሊቃወም ይችላል።

ከዚህ ጋር የሚሄደው ሁለተኛው ግዴታ ዕቃውን አለማጠብ ነው። ጥላሸቱ፣ ሰሙና የጥርሱ ዱካ ከተወገዱ ፒፓው ያምራል፤ ለማን እንዳገለገለና እንዴት እንደተያዘ የሚናገር ነገር ግን አይቀርለትም። አጥኚው ዛሬ ሊመልሰው ያልቻለውን ጥያቄ ነገ የተሻለ መሣሪያ የያዘ ሰው ይመልሰው ዘንድ፣ የዛሬው አጥኚ ዕቃውን ከነእድፉ ሊያቆይለት ይገባል።